ከግሮቭ ስትሪት እስከ ስድስት ኪሎ፦ የአንድ አሮጌ ኮሌጅ ሕንፃ ታሪክ

«ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ» ይላል የሀገራችን ሰው። በኦክላንድ፣ በሳን ሆዜና በአካባቢው የምንኖር ኢትዮጵያውያን ግን ስለ ሰፈራችን ስንጨዋወት ታሪኩን የምንጀምረው ብዙውን ጊዜ እኛ ከመጣንበት ዓመት ነው። የመጀመሪያው እንጀራ የት እንደተጋገረ፣ የመጀመሪያው ቅዳሴ በየትኛው የኪራይ አዳራሽ እንደተቀደሰ እናስታውሳለን። ከእኛ በፊት በዚህ ሰፈር ማን እንደነበረ፣ ምን እንደተደረገ፣ እኛ የገባንበትንም በር ማን እንደከፈተው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ይህን ጽሑፍ ያጻፈኝ ይኸው ጥያቄ ሲሆን፣ ለመልሱም የአንድ ሕንፃን ታሪክ መርጫለሁ። (በተለይ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ሕንፃው የሚገኘው በሰሜን ኦክላንድ፣ ቀድሞ ግሮቭ ስትሪት፣ ዛሬ ማርቲን ሉተር ኪንግ ጁኒየር ዌይ በሚባለው ጎዳና ላይ፣ ከሃምሳ ሰባተኛው መንገድ አጠገብ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤቶችና ሱቆች ለብዙ ዓመታት ተሰልፈው ከኖሩበት ከቴሌግራፍ አቬኑ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። ነጭ ግድግዳ፣ ቅስት መስኮትና የሸክላ ክዳን ያለው፣ በስፔን የአሠራር ሥልት የታነጸ ሰፊ ቤት ነው። ከፊቱ በትላልቅ ምሰሶዎች ላይ የተዘረጋው የባቡር ሐዲድ ስለሚጋርደው፣ በመኪና የሚያልፍ ሰው ልብ ሳይለው ሊያልፍ ይችላል።

የመምህራን መለማመጃ

ሕንፃው የተሠራው በ1920ዎቹ መጀመሪያ ነው። ንድፉን ያወጣው በካሊፎርኒያና በሃዋይ ብዙ ሕንፃዎችን የነደፈው ቻርልስ ዲኪ ነበር። የመጀመሪያ ስሙም ዩኒቨርሲቲ ሃይ ስኩል ይባላል። ስሙ እንደሚያመለክተው ትምህርት ቤቱ በበርክሌይ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጋር የተሳሰረ ነበር። በዩኒቨርሲቲው ለመምህርነት የሚሠለጥኑት ወጣቶች ማስተማርን የሚለማመዱት እዚህ ነበር። የሕንፃው የመጀመሪያ አገልግሎት እንግዲህ ማስተማርን ማስተማር ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ ግን የኦክላንድ መልክ ተለወጠ። በጦርነቱ ዓመታት በመርከብ ፋብሪካዎቹ ለመሥራት ከሉዊዚያና፣ ከቴክሳስና ከአርካንሳስ የመጡ ብዙ ሺህ ጥቁር አሜሪካውያን ሠራተኞች እዚሁ ቀሩ። ከተማዋ ቤት ስታከራያቸውና ስትሸጥላቸው ግን በወሰነችላቸው ሰፈር ብቻ ነበር። የሠራተኞቹ ልጆችና ከጦር ሜዳ የተመለሱት ወታደሮች ትምህርት ፈለጉ። በ1953 የኦክላንድ የሁለት ዓመት ኮሌጅ ተቋቋመ፤ ከሁለቱ ግቢዎቹ አንዱ ሜሪት የተባለው ሲሆን፣ የግሮቭ ስትሪቱ ሕንፃ የእርሱ መኖሪያ ሆነ።

ሜሪት የሚለው ስም የሐኪም ስም መሆኑን ሳላነሳ ማለፍ አልወድም። ዶክተር ሳሙኤል ሜሪት በ1860ዎቹ መጨረሻ የኦክላንድ ከንቲባ የነበሩ ሐኪም ናቸው። በከተማዋ መካከል ያለው ሐይቅ የእርሳቸውን ስም የያዘ ሲሆን፣ በ1870 የአእዋፍ መጠበቂያ ተብሎ በሕግ ሲታወጅ በአሜሪካ የመጀመሪያው ነበር። ኮሌጁና አንድ ሆስፒታልም በስማቸው ተጠርተዋል። የሐኪም ስም የያዘው ኮሌጅ የቆመበት ሕንፃ ከብዙ ዘመን በኋላ ለሕክምና ምርምር መዋሉን እንደ አጋጣሚ ልንወስደው እንችላለን።

የጎዳናው ዩኒቨርሲቲ

የሁለት ዓመት ኮሌጅ የድኻ ልጅ ኮሌጅ ነው። ክፍያው እጅግ ዝቅተኛ፣ በሩም ለሁሉ ክፍት ነበር። በበርክሌይ ኮረብታ ሥር ያለው ታላቁ ዩኒቨርሲቲ ጥቂት ማይል ብቻ ቢርቅም፣ ለሰሜንና ለምዕራብ ኦክላንድ ጥቁር ወጣት ቅርቡ ግሮቭ ስትሪት ነበር። ኋላ በአሜሪካ ምክር ቤት በደቡብ አፍሪካ የአፓርታይድ መንግሥት ላይ ማዕቀብ እንዲጣል ለዓመታት የታገሉት፣ በኋላም የኦክላንድ ከንቲባ የሆኑት ሮን ዴለምስ በ1958 ዲፕሎማቸውን ያገኙት ከዚሁ የከተማ ኮሌጅ ነው።

በ1960ዎቹ መጀመሪያ በኮሌጁ ደጃፍ ላይ ክርክር የማይሰማበት ቀን አልነበረም። ተናጋሪው ከሣጥን ላይ ይወጣል፣ አድማጩ ይከበዋል። ስለ ኩባ፣ ስለ ኮንጎ፣ ስለ ጥቁር ሕዝብ ታሪክ ይነሣል፣ ይጣላል። ሂዩ ኒውተንና ቦቢ ሲል የተዋወቁት በዚያ ክርክር መካከል ነው። መጀመሪያ የጠየቁት የጦር መሣሪያ አልነበረም። የጥቁር ሕዝብ ታሪክ በትክክል የሚሰጥበት ትምህርት እንዲኖር፣ ጥቁር መምህራንም እንዲቀጠሩ ነበር የጠየቁት። ሜሪት በአሜሪካ የጥቁር ሕዝብ ጥናትን እንደ ራሱን የቻለ ትምህርት ከጀመሩት የመጀመሪያዎቹ ኮሌጆች አንዱ ለመሆን የበቃው በዚህ ግፊት ነው።

በጥቅምት 1966 ሁለቱ ወጣቶች የብላክ ፓንተር ፓርቲን መሠረቱ። በ1967 መጀመሪያ የተከፈተው የመጀመሪያው ጽሕፈት ቤታቸውም በዚያው በግሮቭ ስትሪት፣ ከኮሌጁ ጥቂት እርምጃ ርቆ ነበር። የማኦን ትንሽ ቀይ መጽሐፍ ከሳን ፍራንሲስኮ የቻይናውያን ሰፈር በርካሽ ገዝተው ለበርክሌይ ተማሪዎች በማትረፍ ይሸጡ እንደነበር ሲል ራሱ ተናግሯል። በዚያው ዘመን በስድስት ኪሎ የእኛም ተማሪዎች ያንኑ መጽሐፍ ከእጅ ወደ እጅ ሲያስተላልፉ እንደነበር ለሚያስታውስ አንባቢ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። የአንድ ዘመን ልጆች ነበሩና።

የፓርቲው ታሪክ መልካሙም ክፉውም አለበት። በጥር 1969 በኦክላንድ በአንድ ቤተ ክርስቲያን የተጀመረው የሕፃናት ነፃ ቁርስ በብዙ ከተሞች ተስፋፋ። በሌላ በኩል የፌዴራሉ የምርመራ ቢሮ ሰርጎ ገቦችንና የፈጠራ ደብዳቤዎችን እየተጠቀመ ድርጅቱን ከውስጥ አናጋው፤ ፓርቲውም የራሱን አባላት የሚበላ ግፍ በውስጡ አበቀለ። በ1982 ፈረሰ። ኒውተን ራሱ በነሐሴ 1989 በምዕራብ ኦክላንድ ጎዳና ላይ ተገደለ። የእኛን የተማሪ ትውልድ ታሪክ የሚያውቅ ሰው በዚህ ለመፍረድ አይቸኩልም፤ በጎውንም በደሉንም በአንድ ሚዛን አስቀምጦ ማየት ግን ይኖርበታል።

ባዶ ዘመን

በ1971 ሜሪት ኮሌጅ ወደ ኦክላንድ ኮረብታ ወጣ። አዲሱ ግቢ ሰፊ፣ አየሩ ንጹሕ፣ ከላይ ሲመለከቱም ባሕረ ሰላጤውን የሚያሳይ ነው። የሜዳው ሰፈር ነዋሪዎች ግን ተቃውመው ነበር። መኪና ለሌለው ተማሪ ኮረብታው ሩቅ ነበር። ኮሌጁ በተማሪዎቹ ደጃፍ መሆኑ ያስገኘው ኃይል እንዲበተን ተፈልጎ ነው ብለው የጠረጠሩም ነበሩ። ጥርጣሬው እውነት ይሁን አይሁን፣ ውጤቱን ሰፈሩ አየው። የባቡሩ ሐዲድና የፍጥነት መንገዱ ሰፈሩን ከሁለት ከፈሉት፤ ኮሌጁ ሄደ፤ ሱቁ ተዘጋ። ሕንፃው መስኮቱ ተሰባብሮ፣ ግድግዳው ተሞነጫጭሮ፣ የርግብ ማደሪያ ሆኖ ዓመታት ቆጠረ።

ይህ ዘመን ለእኛ ሌላ ትርጉም አለው። በ1965 የወጣው የኢሚግሬሽን ሕግ የዘር ኮታን አስቀርቶ ለአፍሪካና ለእስያ በር የከፈተው በጥቁር አሜሪካውያን የመብት ትግል ማዕበል ላይ ተሳፍሮ ነው። የ1980ው የስደተኞች ሕግ ሲወጣ ደግሞ ከሱዳን መጠለያዎች የተነሡ ወገኖቻችን ወደዚህ መጡ። ቤት ኪራይ ረከሰ ብለው በሰሜን ኦክላንድ ሲሠፍሩ፣ የረከሰበትን ምክንያት የጠየቀ አልነበረም። የሄዱት ሰዎችና የተዘጉት ቤቶች ታሪክ በዚያ ዝቅተኛ ኪራይ ውስጥ ተጽፎ ነበር።

ሕንፃውን ከመፍረስ ያዳኑት የሰፈሩ ሰዎች ናቸው። ለዓመታት ጮኹ፣ ፊርማ አሰባሰቡ፣ የከተማውን ምክር ቤት ወተወቱ። በ1992 ሕንፃው በአሜሪካ ብሔራዊ የታሪክ ቅርሶች መዝገብ ተመዘገበ። ከዚያም ታደሰና በሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን የሰሜን ኦክላንድ የአረጋውያን ማዕከል ሆነ። ሌላው የኦክላንድ የሕፃናት ሆስፒታል የምርምር ተቋም መኖሪያ ሆነ።

ከሕፃን ተረከዝ የምትወሰድ የደም ጠብታ

እዚህ ላይ ታሪኩ ወደ ሙያዬ ይመጣል። ሲክል ሴል የሚባለው በዘር የሚተላለፍ የደም በሽታ ቀይ የደም ሕዋሳትን እንደ ማጭድ ያጎብጣል። የጎበጡት ሕዋሳት ጠባቡን የደም ሥር ይዘጋሉ፤ ሕፃኑ በአጥንት ሕመም ይጮኻል፤ ጣፊያው ስለሚጎዳም ሌላው ልጅ በሚቋቋመው ኢንፌክሽን በአንድ ሌሊት ሊሞት ይችላል። የበሽታው ምክንያት በሂሞግሎቢን ላይ ያለ ለውጥ መሆኑን ሊነስ ፖውሊንግና ባልደረቦቹ በ1949 እዚሁ ካሊፎርኒያ ውስጥ አሳይተዋል። ዘሩ የተስፋፋው ወባ በበዛበት ምድር ነው፤ ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰው ሰው ከከባድ ወባ በከፊል ይጠበቃልና። ስለዚህም በእኛ ደጋ ብርቅ ነው። ከኢትዮጵያ ውጭ ሕክምና የተማርን ብዙዎቻችን በሽተኛውን ያየነው በስደት ነው።

በሽታው በታወቀ በብዙ ዓመቱ እንኳ የሚመደብለት የምርምር ገንዘብ እጅግ ጥቂት ነበር። በ1971 ብላክ ፓንተሮች በየሰፈሩ በከፈቷቸው ነፃ ክሊኒኮች የሲክል ሴል ምርመራ ጀመሩ፤ መንግሥት የጥቁር ሕፃናትን ሞት ቸል ብሏል ሲሉም ከሰሱ። በዚያው ዓመት ፕሬዚዳንት ኒክሰን ለበሽታው የሚሰጠው ገንዘብ እንዲጨምር ጠየቁ፤ በ1972 ደግሞ የሲክል ሴል መቆጣጠሪያ ሕግ ወጣ። ሕጉን ያስወጡት ፓንተሮቹ ብቻ ናቸው ማለት አይቻልም። የእነርሱ ጩኸት ባይጨመርበት ኖሮ ግን በዚያ ፍጥነት ይወጣ ነበር ለማለት እቸገራለሁ።

ምርመራው ያለ ጥንቃቄ ሲስፋፋ ጉዳትም አመጣ። ዘሩን የተሸከመውንና በሽታው ያለበትን መለየት ያልቻሉ አሠሪዎችና የኢንሹራንስ ኩባንያዎች ጤነኛውን ሰው እንደ በሽተኛ ቆጠሩት። የአየር ኃይል አካዳሚ እስከ 1981 ድረስ ዘሩን የተሸከሙ ወጣቶችን አይቀበልም ነበር። ለበጎ የታሰበ ምርመራ ያለ ምክርና ያለ ሕግ ጥበቃ ሲሰጥ ምን እንደሚያስከትል ለማሳየት ይህ ይበቃል።

የኦክላንድ የሕፃናት ሆስፒታል ሥራ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ሆስፒታሉ የሚገኘው ከሕንፃው ጥቂት መንገዶች ወዲያ ነው። ከ1975 እስከ 1985፣ የግሮቭ ስትሪቱ ሕንፃ ባዶውን በቆመበት ዘመን፣ ዶክተር በርትራም ሉቢንና ባልደረቦቻቸው ከ84 ሺህ በላይ አራስ ሕፃናትን ዘር ሳይለዩ መረመሩ። በ1988 ያወጡት ጥናት እንዳመለከተው በሽታው ገና እንደተወለዱ ከታወቀላቸው ሕፃናት መካከል የሞቱት ከመቶ ሁለት አይሞሉም፤ ዘግይቶ ከታወቀላቸው መካከል ግን ስምንት በመቶ ሞተዋል። በ1986 በሌሎች ሐኪሞች የታተመ ታላቅ ጥናት ደግሞ ለእነዚህ ሕፃናት በየቀኑ የሚሰጥ ፔኒሲሊን አደገኛውን ኢንፌክሽን በ84 በመቶ እንደሚቀንስ አሳይቶ ነበር። ርካሹ መድኃኒት ልጁን የሚያድነው ግን በሽታው አስቀድሞ ሲታወቅ ብቻ ነው። ካሊፎርኒያ በ1990 የሚወለደውን ሕፃን ሁሉ ለሲክል ሴል መመርመር ጀመረች።

ከዚያ ወዲህ በዚህ ግዛት የተወለደው ልጃችን ሁሉ ተረከዙ ተወግቶ ጥቂት የደም ጠብታ ሰጥቷል። እናቲቱ ልጇ ሲያለቅስ ዓይኗን ትጨፍናለች፤ ነርሷ «ለምርመራ ነው» ትላታለች፤ ወረቀቱ ይላካል፤ ነገሩ ይረሳል። ያቺ ጠብታ ግን በግሮቭ ስትሪት ደጃፍ በሣጥን ላይ ቆመው ከተከራከሩት ወጣቶችና ጥቂት መንገድ ወዲያ በላቦራቶሪ ካጎነበሱት ሐኪሞች የደረሰችን ናት። ሁለቱ ወገኖች አንዱ የሌላውን ቋንቋ እምብዛም አይናገሩም ነበር። ሥራቸው ግን በአንድ ሕፃን ተረከዝ ላይ ተገናኘ።

የምርምር ተቋሙ ወደ አሮጌው ኮሌጅ ከገባ በኋላ ዶክተር ሉቢን ለዓመታት መሩት፤ በ2020 አረፉ። ካንሰር አምጪ ኬሚካሎችን ለመለየት በዓለም ሁሉ የሚሠራበትን ፈተና ያገኙት ብሩስ ኤምስ በስተርጅናቸው የሠሩት እዚሁ ነው። የሰው ልጅ የዘር ካርታ ሲነበብ አብላጫው ክፍል የተወሰደበትን የዲኤንኤ ስብስብ በቡፋሎ ያዘጋጀው የፒተር ደ ዮንግ ቡድንም ወደዚህ ተዛውሮ፣ ቅጂውን ለዓለም ላቦራቶሪዎች ይልክ ነበር። በታኅሣሥ 2023 የአሜሪካ የመድኃኒት ባለሥልጣን ለሲክል ሴል የመጀመሪያዎቹን ሁለት የዘረ መል ሕክምናዎች ሲያጸድቅ፣ አንደኛው የተመሠረተበት ክሪስፐር የተባለው መሣሪያ የኖቤል ሽልማት ያሰጠው ለበርክሌይዋ ለጄኒፈር ዳውድናና ለፈረንሳዊቷ ለኤማኑኤል ሻርፓንቲየ ነው። በርክሌይ ከዚህ ሕንፃ የጥቂት ደቂቃ መንገድ ናት።

የሳን ሆዜው አዳራሽ

ሕንፃ ሁልጊዜ ወደ መልካም አገልግሎት አይለወጥም። በሳን ሆዜ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ለወንዶች የስፖርት አዳራሽነት የተሠራ ሕንፃ አለ። በ1942 የጃፓን ተወላጅ አሜሪካውያን ከቤታቸው ተነቅለው ወደ በረሃ ካምፖች ሲጋዙ፣ የዚህ ወረዳ ቤተሰቦች የተመዘገቡት በዚሁ የኮሌጅ አዳራሽ ነበር። በመላው አሜሪካ የተጋዙት ወደ 120 ሺህ ይደርሳሉ። በ1997 አዳራሹ በዮሺሂሮ ኡቺዳ ስም ተሰየመ። ኡቺዳ የዚያው ኮሌጅ ተማሪ የነበሩ፣ በኋላም የጁዶ ቡድኑን ለብዙ አሥርተ ዓመታት ያሠለጠኑ ናቸው። እርሳቸው በአሜሪካ ጦር ሠራዊት ሲያገለግሉ ቤተሰባቸው በካምፕ ታስሮ ነበር። በ2024 በ104 ዓመታቸው አረፉ። ዩኒቨርሲቲው ያን አዳራሽ አላፈረሰውም፤ ስሙን ለውጦ ታሪኩን በግድግዳው ላይ ተወው።

በዚያው ግቢ የቶሚ ስሚዝና የጆን ካርሎስ ሐውልት በ2005 ቆሟል። ሁለቱ የሳን ሆዜ ተማሪዎች በጥቅምት 1968 በሜክሲኮ ኦሎምፒክ ቡጢያቸውን አንሥተው የቆሙት፣ የእኛ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን ከማሸነፉ አራት ቀን በፊት ነበር።

የእኛው ሕንፃ

ይህን ሁሉ ስጽፍ ስድስት ኪሎ ከሐሳቤ አልወጣም። ገነተ ልዑል የንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥት ሆኖ ተሠራ። ጣሊያን ሲገባ የእንደራሴው መቀመጫ ሆነ፤ በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የተወረወረው፣ ለምጽዋት የተሰበሰበው ድኻም መጀመሪያ የተጨፈጨፈው በዚያው ቅጥር ግቢ ነው። ፋሺስቶች ለእያንዳንዱ የሥልጣን ዓመታቸው አንድ ደረጃ አድርገው ያቆሙት መሰላል አልፈረሰም። ከነፃነት በኋላ በላዩ የይሁዳ አንበሳ ተቀመጠበት። በታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. በተሞከረው መፈንቅለ መንግሥት ራስ አበበ አረጋይንና ራስ ሥዩም መንገሻን ጨምሮ ሹማምንቱ በዚያው ቤት በጥይት ተደበደቡ። በዓመቱ ንጉሠ ነገሥቱ ቤተ መንግሥቱን ለዩኒቨርሲቲ ሰጡት። በ1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብለው የተሰለፉት ተማሪዎች፣ በ1962 ዓ.ም. የተገደለው የጥላሁን ግዛው ጓደኞች የዚያ ግቢ ልጆች ናቸው። የንጉሡ መኝታ ቤት ዛሬ በኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ውስጥ ይጎበኛል።

የማይጎበኙ ቤቶችም አሉን። በቀይ ሽብር ዘመን በአዋጅ የተወረሱ የግል ቪላዎች የከፍተኛና የቀበሌ እስር ቤት ሆነው ነበር። ብዙዎቹ ዛሬ ፈርሰው በቦታቸው ፎቅ ቆሟል፤ ሌሎቹም ቀለም ተቀብተው ሰው ይኖርባቸዋል። በየትኛው ጓዳ ማን እንደተገረፈ የሚናገር ጽሑፍ በግድግዳቸው ላይ የለም። የሚያውቀው ትውልድ ደግሞ በማለፍ ላይ ነው፤ ገሚሱም በስደት አርጅቷል።

የግሮቭ ስትሪቱ ሕንፃ ለእኛ የሚያስተምረው እዚህ ላይ ይመስለኛል። ቤቱ የተረፈው ነዋሪው ስለጮኸለት ነው። ዛሬ ያ ነዋሪ ራሱ እየጠፋ ነው። በ1980 ከኦክላንድ ሕዝብ ወደ ግማሽ የሚጠጋው ጥቁር አሜሪካዊ ነበር፤ በ2020 ቆጠራ ግን ከሩብ በታች ሆኗል። የቤት ኪራይ ሽቅብ ሲወጣ መጀመሪያ እነርሱ ሄዱ፤ አሁን የእኛም ቤተሰቦች ወደ ስቶክተን፣ ወደ ትሬሲና ወደ ሳክራሜንቶ እየሄዱ ነው። የእኛ ዘመን እንደ እነርሱ ዘመን ያለ ጽሑፍ እንዲያልፍ የምንፈቅድ ከሆነ፣ በአሜሪካ ምድር ላሳለፍነው ግማሽ ምዕተ ዓመት ምስክር አይኖረንም።

ስለዚህ ሁለት ነገር እጠይቃለሁ። አንደኛ፣ ልጆቻችንን ቅዳሜ ቅዳሜ አማርኛ ስናስተምር አንድ ቀን ወደዚያ ጎዳና እንውሰዳቸው፤ ሕንፃውን አይተው ለምን እንደቆመ ይስሙ፤ ተረከዛቸው ለምን እንደተወጋም ይወቁ። ሁለተኛ፣ የመጀመሪያው ማኅበር የተሰበሰበበትን የኪራይ አዳራሽ፣ የመጀመሪያው ታቦት ያረፈበትን የተውሶ ቤተ ክርስቲያን፣ የተዘጉትን ምግብ ቤቶች አድራሻና ዓመት፣ የሚያስታውሱ አባቶችና እናቶች በሕይወት ሳሉ ጠይቀን እንጻፍ። ከእነርሱ ጥቂቶቹን በማንኛውም የሥራ ቀን ከሰዓት በፊት በአረጋውያን ማዕከላት ማግኘት ይቻላል። መቅረጫ ይዞ መሄድና ቁጭ ብሎ ማዳመጥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው።